በእሾህ የታጠረው አሸዋ

ከአርቦሬ ወደ ቱርሚ ሲኬድ፣ ከመንገዱ በስተግራ፣ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ድንጋያማ ጉብታ አለች። ቁመቷ ከአንድ ትልቅ ሾላ አይበልጥም። በእኛ ዘመን በወታደር ካርታ ላይ ስም አልነበራትም። ዛሬ በቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ «የጀግኖች ጉብታ» ተብሎ ተጽፎላታል። እኔ በዚህች ጉብታ ላይ ከሠላሳ ሰዎች ጋር አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አሳልፌአለሁ። ከዚያ በኋላ ጂንካ ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ስለ እርሷ እውነቱን ለተማሪም ለልጅም ለንስሐ አባትም አልተናገርሁም።

ባለፈው ጥር ልጄ ሂሩት ከባሏና ከልጇ ከማክዳ ጋር ለእረፍት ከሐዋሳ መጣች። የእረፍቱን ዕቅድ ያወጣችው እርሷ ናት። አባባ የተዋጋባቸውን ቦታዎች እናያለን ብላ ለልጅቱ ቃል ገብታላት ኖሯል፤ በቱርሚ መንገድ ከጦሩ ጋር ማለፌን ብቻ ታውቅ ነበርና፣ ሰሜኑ ሩቅ ስለሆነ ቅርብ ያለውን መረጠች። ራሴን ያመኛል ብዬ ለመቅረት አስቤ ነበር። ነገር ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስንቋን ቋጥራ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። በቀይ አፈርና በዲመካ አድርገን ቱርሚ አደርን። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከጉብታዋ ሥር ደረስን።

አስጎብኚው አርቦሬ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፊቱ የሚስቅ ሰው ነው። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። «ፋዘር፣ ቀስ ይበሉ፣ ይኼ አሸዋ ጫማ ይበላል» እያለ ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ከሰሌዳው አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ለወጠ። አንድ መቶ ጦር በዚህች ጉብታ ላይ ተከቦ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት መዋጋቱን፣ አንድ ሰው እንኳ ወደ ኋላ አለማለቱን፣ መሪያቸው የመጨረሻዋን ጥይት ለራሱ ማስቀረቱን ነገረን። አማቼ ፎቶግራፍ አነሣ። ሂሩት ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ወደ እኔ ተመለከተች። አስጎብኚው ከኪሱ አንድ የጥይት ቀለህ አውጥቶ ለማክዳ ሰጣት፤ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ አንድ ይሰጣል።

ማክዳ ቀለሁን በመዳፏ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይኼ ያንተ ነው?» አለችኝ።

ቀለሁ የእኛ ነበር። ሰው በግማሽ ከበላው እንጀራ ሥር ትል ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው የተሰማኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁላት ወደ በኋላ እጽፋለሁ። አስቀድሜ ቀለሁ በምን ላይ እንደተተኮሰ ልናገር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መቶአችን በወይጦ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ስሙ መቶ ቢባልም ሠላሳ አንድ ነበርን። የጉዞው ትእዛዝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰን፤ ወደ ኦሞራቴ፣ ከዚያም ወደ ኬንያ ድንበር። መንገዱን ልቀቁ፣ መንደር አትግቡ፣ መሣሪያ ትነጠቃላችሁ ተባልን። የሻለቃው አዛዥ የነበረንን አንድ የውኃ ቦቴ አስነሥቶ ቀደመን። «ቱርሚ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ኋላ የተረፍነው ቱርሚ ስንደርስ ያገኘነው የጎማውን ዱካ ነው። ይህ ሰው በሰው አገር በሰላም አርጅቶ መሞቱን ሰምቻለሁ። ስሙን ጽፌ ወረቀቱን አላቆሽሽም።

ከመቶው ውስጥ የደቡብ ኦሞ ልጆች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ማቴዎስ። እኔ ዐሥር አለቃ ነበርሁ። አባቴ ጂንካ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አያቴ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። በቤታችን ቆላ ማለት ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ የሚታይ ጭጋግ ነበር። ቱርሚንም አርቦሬንም በእግሬ ረግጬ አላውቅም፤ የአገሩን ቋንቋ አንዱንም አልሰማም። ሆኖም ወደ ደቡብ ከተዛወርን ጀምሮ «አገሬ ነው፣ ድንጋዩን ሁሉ አውቀዋለሁ» እያልሁ እናገር ነበር። ከዚህም የተነሣ መንገድ መሪ ተደረግሁ። ውኃ ሲታደል ከመቶ አለቃው ቀጥሎ እኔ እቀዳለሁ። ማታ ዘብ አልቆምም። ለዚህ ለዚህ ነው አገሬ ነው ያልሁት።

ማቴዎስ ከጂንካ በላይ ካሉት የአሪ መንደሮች የመጣ ገበሬ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማረው ቃላቱን እየመረጠ በዝግታ ይናገራል። ሲራመድ መዝሙር ያንጎራጉራል። በሁለት ዓመት ብቻ ብበልጠውም ጋሼ ይለኛል። ከአባቱ ጋር ኮረሪማ ተሸክሞ ቆላ እየወረደ በፍየል ይለውጥ እንደነበር አንድ ቀን አጫውቶኛል። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄን ማንም እንዳይዘነጋብኝ እፈልጋለሁ።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በሰሜን ግንባር ነበርሁ። ስለ ሰሜኑ ብዙ አልጽፍም። አንድ ተራራ ነበር። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። መትረየስ ከግራ ያዘን። አራት ሰዓት ላይ ግማሻችን ወረድን። ማታ ተራራው በነበረበት ነበር። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ግን እሾሁ ነው። መሐንዲሶቻችን ሽቦ ሲያልቅባቸው ፈንጂ የቀበሩበትን መሬት በግራር እሾህ ክብ አድርገው ያጥሩት ነበር። አንድ ባልደረባችን ብርድ ጸንቶበት እሾሁን ለማገዶ ሲያነሣ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክብ ሆኖ የቆመ እሾህ ሳይ እግሬ በራሱ ይቆማል። ዛሬም ይቆማል።

ከወይጦ ከተነሣን በሁለተኛው ቀን ኮዳዎቻችን ደረቁ። በልጉ በዚያ ዓመት ቀርቶ ነበር። ከአርቦሬ መንደሮች ርቀን በቁጥቋጦው ውስጥ ለውስጥ ተጓዝን። አራት ሰዓት ላይ ላባችን ቆመ። ከዚያ በኋላ ምላስ በአፍ ውስጥ የሌላ ሰው ሥጋ ይመስላል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከደረቁ ወንዝ ደረስን። በአሸዋው መካከል፣ ክብ ሆኖ፣ በጥንቃቄ የተደረደረ የግራር እሾህ ቆሟል።

መቶው ሁሉ ባለበት ቆመ። አብዛኞቻችን ሰሜኑን ያየን ነበርን። መቶ አለቃ ጌታሁን፣ ከመሪዎቻችን ጥሎን ያልሄደው እርሱ ብቻ ነው፣ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የአገሩ ሰው ነህ። ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። አምስት ፊደል ነው። እኔ ግን እሾሁን በሩቁ እያየሁ «ፈንጂ ነው። ሽፍቶች የቀበሩት ይሆናል» አልሁ።

ማቴዎስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጋሼ፣ እበት አለ። ከብት የቆመበት ቦታ ነው። እኛ ቆላ ስንወርድ...» አለ። አላስጨረስሁትም። ሰው እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኮረሪማ ለቃሚ ስለ ፈንጂ ሊያስተምረን ነው» አልሁ። ጓዶቹ ሳቁ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ እየደማ ሳቁ። ማቴዎስም ፈገግ አለና ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን የሚያነበው ነገር ነበር። እበቱ በእሾሁ ዙሪያ ነው። የላም ኮቴ እስከ እሾሁ ጥግ ድረስ ይሄዳል። ላም ፈንጂ ላይ ቆማ በደኅና አትመለስም። በኋላ ዘመኔ ለተማሪዎቼ ማስረጃ እንዴት እንደሚነበብ ሳስተምር፣ በሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዤ ስንት ጊዜ ይህ እበት ዓይኔ ላይ እንደመጣ እኔ አውቃለሁ።

ከብት አርቢዎቹ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ያወጣሉ። ካጠጡ በኋላ አፉን በቅርንጫፍ ይከድኑትና ጅብና ዝንጀሮ እንዳያቆሽሸው በእሾህ ያጥሩታል። የተጠማ መንገደኛ እሾሁን አንሥቶ ይጠጣል፤ ጠጥቶም መልሶ ያጥራል። የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መቶ አለቃው ማንም ወደ እሾሁ እንዳይጠጋ አዘዘ። ወንዙን ዞረን ጉብታዋ ላይ ወጣን፤ ፀሐይ እስኪበርድ ልንጠብቅ። ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ቅል አንጠልጥላ፣ ፍየሎች አስከትላ ከማዶ ብቅ አለች። ቀጥታ ወደ እሾሁ ትሄድ ጀመር። ጮኽንባት። አልገባትም፤ እጇን አውለበለበችልን። ተኳሾቻችን ከጉብታው ጫፍ ሆነው ከራሷ በላይ ተኮሱ። ልናድናት ነበር። ፍየሎቹ ተበተኑ። ሴትዮዋ ቅሏን ጥላ ሮጠች። በዚያች ጉብታ ላይ የተተኮሰው ተኩስ በሙሉ ይኸው ነው። አስጎብኚው የሚያድለው ቀለህ የዚያ ተኩስ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቴዎስ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። በሁለት ሰው አስይዤ መለስሁት። አልታገለም። «ለሕይወትህ ብዬ ነው» አልሁት።

«ጋሼ፣ ውኃው ይሸታል» አለኝ።

ሌላ ቃል ከእርሱ አልሰማሁም። ወደ ማታ መዝሙሩን እንኳ ተወ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልጻፍ። መጀመሪያ የሞተው መትረየስ ተሸካሚው ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ከዚያ የጎጃሙ ልጅ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት። ከዚያ ምግብ አብሳያችን። መቶ አለቃው ጥላውን ለሌላ ሰው ለቅቆ ስለነበር ቀድሞ ደከመ፤ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ማቴዎስ ንጋት ላይ ሞተ። ፊቱ ወደ ወንዙ ነበር።

ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሴትዮዋ ተመለሰች። ከእርሷ ጋር ሽማግሌዎችና ሦስት ሴቶች ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሣሪያ የሌለበትን እጁን ከፍ አድርጎ አሳየን። የመተኮስ ዐቅም ያለው ሰው አልነበረንም። ሴትዮዋ እሾሁን በእጇ ማንሣት ጀመረች። እኛ በጉብታው ላይ ሆነን መሬት ላይ ተደፋን፤ ጆሮአችንን በመዳፋችን ደፈንን፤ ፍንዳታውን ጠበቅን። የመጣው የቅል ድምፅ ነው። ቅል ድንጋይ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ። ቀና ብዬ ሳይ ሴትዮዋ ወገቧ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ነበር። ቅሉን አቀበለች። ውኃው ከቅሉ አፍ ይንጠባጠባል።

ከማቴዎስ ሬሳ እስከ ጉድጓዱ ሁለት መቶ ሦስት እርምጃ ነው። ጠጥቼ ከጠገብሁ በኋላ ለክቼዋለሁ። ለምን እንደለካሁት አላውቅም።

ሰባቱን ከጉብታው ሥር ቀበርን። መሣሪያችንን ለሽማግሌዎቹ ትተን እስከ ቱርሚ አብረን ሄድን፤ ከዚያ ተበታተንን። እኔ ከወር በኋላ ጂንካ ገባሁ፤ የማቴዎስን እህት ማርታን ፈልጌ አገኘኋት። ወንድሟ በውጊያ፣ በጉብታ ላይ፣ መሣሪያውን እንደያዘ ወደቀ አልኋት። ሦስት ጠላት ጥሎ ነው የወደቀው ብዬም ጨመርሁ። ሁለት የሚያንስ፣ አራት የሚበዛ መስሎኝ ይሆናል። ማርታ ሦስት ብላ ደገመችው። ከዚያ ጀምሮ በየቅዳሜው ገበያ ከእርሷ ኮረሪማ እገዛለሁ። ልጆቼ እትዬ ማርታ እያሉ አደጉ። ፎቶግራፉ በሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሠላሳ ዓመት ከፎቶግራፉ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ። ራሱን የሚጸየፍ ሰው ሻይ ይጠጣል ወይ ብትሉኝ፣ ይጠጣል።

ወደ ማክዳ ጥያቄ ልመለስ። «የእኛ ነው። አንዲት ሴት ውኃ እንዳትቀዳ የከለከልንበት ነው» አልኋት። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለአራቱም ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አሁን ለእናንተ በጻፍሁት ቅደም ተከተል። አማቼ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አስገባ። ማክዳ ቀለሁን ከምታስቀምጥበት አጥታ በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች።

አስጎብኚው አንገቱን አከከ። ሊስቅ ከጀለውና ተወው። የአገሩ ሴቶች ይህን ታሪክ እንደሚያወሩት ነገረን። በመንደሩ በከንቱ የሚፈራ ሰው ሲገኝ «እንደ ወታደሮቹ እሾህ ፈራህ?» ይባላል። ሲሳቅበት የኖረ የሰርግ ቤት ጨዋታ ነው። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ሌላ ትነግራለህ አልሁት።

«ፋዘር፣ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር አቧራ በልቶ ይመጣል። በውኃ ጥም ሞቱ ብዬ እንዴት ልሸኘው? ደግሞ ለሟቾቹም ክብር ነው ብዬ ነው» አለኝ።

ተናደድሁበት፤ ንዴቱም ብዙ አልቆየም። ይህን ሰው የምወቅስበት አፍ የለኝም። እኔ ጂንካ ላይ ለማርታ ያደረግሁትን እርሱ እዚህ ለጎብኚ ያደርጋል፤ እርሱ እንዲያውም ሦስት ቀን ነው ያለው እንጂ ሦስት ሰው አላለም። ሴትዮዋ በሕይወት ትኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ሞታለች አለ። ጉድጓዱ ዛሬም ከዚያው ቦታ አለ፤ በየዓመቱ ጎርፍ ይደፍነዋል፣ በየዓመቱ ይቆፍሩታል። እሾሁ በዙሪያው ቆሟል። ማክዳ ልታየው ስትጠጋ እግሬ በራሱ ቆመ። ልጅቱ እሾሁን አንሥታ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያም ማንም ሳይነግራት መልሳ አጠረችው።

በመኪና ወደ ጂንካ መመለስ ጀመርን። ከዲመካ በኋላ ሂሩት ከፊት ወንበር ሳትዞር «ማቴዎስ ማለት የእትዬ ማርታ ወንድም ነው?» አለች። አዎ አልሁ። «ታዲያ እኛ ከእርሷ በፊት ሰማን» አለች።

ጂንካ እንደገባን ልብሴን ሳልለውጥ ወደ ማርታ ቤት ሄድሁ። ዐሥር ሰዓት ግድም ነበር። ከደጃፏ ላይ ኮረሪማ ዘርግታ ታገላብጣለች። መምህር ብላ ተነሣችልኝ፤ እንድትቀመጥ ለመንኋት። ጀርባዬን ለፎቶግራፉ ሰጥቼ ነገርኋት። እበቱን። ሳቁን። በሁለት ሰው አስይዤ መመለሴን። ውኃው ይሸታል ማለቱን።

ማርታ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ውኃው መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

«ሦስት ሰው ገደለ ብለውኝ ነበር» አለች።

«አልገደለም። በዚያ ቀን ወደ ሰው አልተኮሰም።»

«ሦስቱ ሰዎችስ?»

«የሉም። እኔ የፈጠርኋቸው ናቸው።»

ከኮረሪማው አንድ ፍሬ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ኮረሪማው እያየች፣ እንደ ወንድሟ ቃላቱን እየመረጠች ተናገረች። «መምህር፣ እኔ በየእሑዱ ስለ ሦስቱ ጸልያለሁ። ደማቸው በወንድሜ ላይ እንዳይቆጠር። እናቶቻቸው ይቅር እንዲሉት። ስማቸውን ስለማላውቅ፣ እኔ ስም አውጥቼላቸው ነበር።»

ማጽናኛ ብዬ የሰጠኋት ነገር ይህ ነበር። አንድ ንጹሕ ሰው ነፍሰ ገዳይ አድርጌ አስረከብኋት፤ እርሷም ሠላሳ ዓመት ዕዳውን በጉልበቷ ከፈለች። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ላይ አንሥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በበሩ በኩል አየኋት። እኔ መኖሬን የረሳች ትመስል ነበር። ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሰሌዳው ባለቤቶች ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ መልስ አልመጣም። ከእኔ በኋላ የምትመጡ ልጆች በዚያ መንገድ ብታልፉ፣ በዚያች ጉብታ ላይ ውጊያ እንዳልነበረ ዕወቁ። የሞቱት ሰባት ናቸው። መትረየስ ተሸካሚው፣ የጎጃሙ ልጅ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ምግብ አብሳዩ፣ መቶ አለቃ ጌታሁንና ማቴዎስ። የገደላቸው ጠላት የለም። አንድ ቦቴ ይዞ የሄደ አዛዥና አላውቅም ማለት ያልቻለ አንድ ዐሥር አለቃ አሉ።

የፈጠርኋቸውን ሦስቱን ከቆጠራው አውጥቻቸዋለሁ። ማርታ ያወጣችላቸውን ስም ግን አልነገረችኝም፤ እኔም ልጠይቃት አልደፈርሁም።